መኪናው ሲንቀሳቀስ ስክሪኑ ለምን ይቆለፋል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የመኪና ኤሌክትሪክ ዓምድ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች የሚበዙት ስለ ናቪጌሽንና ስለ መኪና ስክሪን ናቸው። አራቱን መርጫለሁ። አራቱም የመጡት ከመሀል ከተማ ነው። መንገዱ የሚቀያየረውም ሕንፃው የሚበዛውም እዚሁ ስለሆነ አልገረመኝም። ለመጀመሪያው ጠያቂ የምሰጠው መልስ ይረዝማል። ጉዳዩ በጣም ስለሚያሳስበኝ ነው።

ጥያቄ

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ከጥቂት ወራት በፊት ያገለገለ ቶዮታ ገዛሁ። ፋብሪካው ራሱ የገጠመለት ናቪጌሽን አለው። የአዲስ አበባ ካርታም ተጭኖለታል። ችግሩ መኪናው ገና ንቅንቅ ሲል አድራሻ መጻፊያው ይደበዝዛል። ብነካው አይሰማም። ባለቤቴ አጠገቤ ተቀምጣ ልጻፍልህ ብትልም አይሆንም። ካዛንቺስ አካባቢ ያገኘሁት ቴፕ ገጣሚ ‹አንዲት ሽቦ ቆርጬ እፈታልሃለሁ፣ ግማሽ ሰዓትም አይፈጅ› አለኝ። ላስቆርጠው?» — ከኡራኤል

መልስ

ወንድሜ፣ አታስቆርጥ። ምክንያቱን ሳልነግርህ «አይሆንም» ብቻ ብልህ ነገ ሌላ ጋራዥ ሄደህ ታስቆርጠዋለህ። ስለዚህ ከሥሩ ላስረዳህ።

ስክሪኑ መኪናው መንቀሳቀሱን በምን ያውቃል? ቀላሉ መንገድ በእጅ ፍሬን ነው። የእጅ ፍሬኑን ስትስብ ከሥሩ ያለች ትንሽ ማብሪያ አንዲት ሽቦን ከመኪናው ብረት ጋር ታገናኛለች። ዳሽቦርዱ ላይ ቀዩ መብራት የሚበራው በዚህ ነው። ከገበያ ተገዝተው የሚገጠሙት አንድሮይድ ቴፖች በአብዛኛው ይህችን ሽቦ ነው የሚጠብቁት። ሽቦዋ ብረት ከነካች መኪናው ቆሟል ብለው ቪዲዮውንም መጻፊያውንም ይከፍታሉ። ብዙ ገጣሚ ታዲያ ሽቦዋን ወደ ፍሬኑ ከመውሰድ ይልቅ እዚያው ከቴፑ ጀርባ ከብረት ጋር ያስራታል። ቴፑም ዕድሜ ልኩን መኪናው እንደቆመ ያምናል። ይህን ብልሃት የነቁበት አምራቾች አሉ። ለምሳሌ አንዳንድ የፓዮኒር ቴፖች ፍሬኑ ሲሳብ፣ ሲለቀቅ፣ እንደገና ሲሳብ ካላዩ አይከፍቱም።

ያንተ ግን የፋብሪካ ነው። የፋብሪካ ስክሪን ብዙውን ጊዜ የሚያየው የፍጥነት ምልክትን ነው። ጎማው ሲዞር ሴንሰር የኤሌክትሪክ ምት ይልካል። በጃፓን መኪኖች ለረጅም ጊዜ የተሠራበት ስታንዳርድ በአንድ ኪሎ ሜትር 2,548 ምት ነው። ይህም ማለት መኪናው 39 ሳንቲ ሜትር ያህል በሄደ ቁጥር አንድ ምት ይመጣል። ስክሪኑ ምቱን ሲሰማ መጻፊያውን ይዘጋል። ገጣሚው «አንዲት ሽቦ» ያለህ ይህችን ነው።

በአዳዲሶቹ መኪኖች ደግሞ ለብቻዋ የምትቆረጥ ሽቦ የለችም። ፍጥነቱ የሚተላለፈው ካን ባስ በሚባለው መስመር ነው። ሁለት የተጠማዘዙ ሽቦዎች ናቸው። ሞተሩ፣ የፍሬኑ ኤቢኤስ፣ ዳሽቦርዱ፣ ሁሉም የሚነጋገሩት በእነሱ ነው። እዚህ መሀል ገብታ ለስክሪኑ «ፍጥነት ዜሮ ነው» እያለች የምትዋሽ ትንሽ ሳጥን ትሸጣለች። እኔ ጋራዥ ውስጥ ይህች ሳጥን አትገጠምም። ፍሬንና ሞተር በሚነጋገሩበት መስመር ላይ ማን እንደሠራው የማይታወቅ ዕቃ መቀጠል ለሰው መኪና የሚደረግ ነገር አይደለም።

አሁን ገጣሚው ያልነገረህን ልንገርህ። ያቺ የፍጥነት ሽቦ የተዘረጋችው አንተን ለመቆለፍ ብቻ አይደለም። ናቪጌሽኑ ራሱ ይፈልጋታል።

ጂፒኤስ ያለህበትን ለማወቅ ቢያንስ የ4 ሳተላይቶች ምልክት ሊደርሰው ይገባል። ሳተላይቶቹ ያሉት ከ20,000 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። ሜዳ ላይ ስትሆን ችግር የለም። ሰንጋ ተራ ስትገባ ግን ነገሩ ይለወጣል። የንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ብቻውን 209 ሜትር ነው። ዙሪያውን ደግሞ መስታወት የለበሱ የባንክና የኢንሹራንስ ሕንፃዎች ከበውታል። ምልክቱ በቀጥታ መድረሱ ይቀርና በመስታወቱ ተንጸባርቆ ዞሮ ይደርሳል። የዞረበትን ርቀት መሣሪያው እንደ እውነተኛ ርቀት ይቆጥረዋል። ስልክህ አንዳንዴ ከመንገዱ አውጥቶ የሰው ግቢ ውስጥ የሚያቆምህ በዚህ ምክንያት ነው። መስቀል አደባባይ ከምድር በታች ካለው ፓርኪንግ ስትገባ ደግሞ ሰማዩ ጭራሽ አይታይም።

የፋብሪካ ናቪጌሽን ከስልክ የሚሻለው እንዲህ ባለ ቦታ ነው። ውስጡ ጋይሮ የሚባል ሴንሰር አለ፤ መታጠፍህን ያውቃል። ከጎማ የሚመጣው ምት ደግሞ ስንት ሜትር እንደሄድክ ይነግረዋል። ሁለቱን አስልቶ ሳተላይት ሳያይም ቀስቱን መንገዱ ላይ ያስኬደዋል። ሽቦዋን ስትቆርጥ ይህን ዓይኑን ነው የምታጠፋው። ቀስቱ አንድ ቦታ ይደርቃል፣ ከዚያ በድንገት ይዘላል። ያለፍከውን መታጠፊያ ገና ታጠፍ ይልሃል። ተክለ ሃይማኖት አጠገብ ያለው ጋራዤ ውስጥ «ናቪጌሽኑ ተበላሸ» ተብሎ መኪና ሲመጣ መጀመሪያ ቴፑን አውጥቼ ከጀርባው የተቆረጠ ሽቦ እፈልጋለሁ። ብዙ ጊዜም አገኛለሁ። የተቆረጠው ጫፍ በፕላስተር ብቻ ተጠቅልሎ ይቀርና ሙቀት ሲፈታው ብረት ይነካል። መስመሩ ሾርት ሲያደርግ የፍጥነት ጌጁ አብሮ ሲሞት አይቻለሁ። ባለቤቱ ጌጅ ሊያስቀይር ነበር የመጣው።

«እንግዲያው አይቆረጥ፣ ማብሪያ ማጥፊያ ይግባበት፤ ስጽፍ ብቻ ላጥፋው» የሚሉኝ ደንበኞች አሉ። የናቪጌሽኑን ችግር ይቀንሰዋል፣ እውነት ነው። እኔ ግን ይህንንም አልገጥምም። ምክንያቱ ከሽቦ ይበልጣል።

የአሜሪካ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት በፈረንጆች 2013 ለመኪና አምራቾች መመሪያ አውጥቷል። አምራቾች በፈቃዳቸው የሚከተሉት ነው። ሾፌሩ በአንድ ጊዜ ዓይኑን ከመንገድ የሚያነሳው ከ2 ሰከንድ እንዳይበልጥ፣ ስክሪኑ ላይ የሚሠራው ሥራም በጠቅላላ ከ12 ሰከንድ እይታ እንዳያልፍ ይላል። የጃፓን መኪና አምራቾች ማኅበር ጠበቅ አድርጎ 8 ሰከንድ ብሎታል። ፊደል እየለቀሙ አድራሻ መጻፍ ከዚህ በላይ ይወስዳል። ቁልፉ የመጣው ከዚህ ዓይነት ስሌት ነው።

ሒሳቡን በእኛ መንገድ እንሥራው። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ስትነዳ ቀስ እያልክ ነው የሚመስልህ። በአንድ ሰከንድ ግን ከ8 ሜትር በላይ ትሄዳለህ። በ2 ሰከንድ 17 ሜትር ገደማ ነው። 12 ሰከንድ ማለት 100 ሜትር ነው። አሁን ከቴዎድሮስ አደባባይ ቸርችል ጎዳናን ቁልቁል ስትወርድ አስበው። ጥቁር አንበሳ አካባቢ በሽተኛ ደግፎ የሚሻገር አለ። ፖስታ ቤት ጋ ከታክሲ የሚወርድ አለ። ለገሃር ስትደርስ ሻንጣ የተሸከመ፣ ሕፃን ያዘለች እናት፣ ከትምህርት ቤት የተለቀቀ ተማሪ አለ። በከተማችን በመኪና አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። የሚሻገረው ሰው አንተን አይቶ፣ አንተም ያየኸው መስሎት ነው እግሩን የሚያነሳው። ዓይንህ ስክሪን ላይ ከሆነ ያ ሰው ያመነው ነገር የለም ማለት ነው። ይህን እያወቅሁ ማብሪያውን በገዛ እጄ መግጠም አልችልም።

የባለቤትህ ጉዳይ ግን ትክክል ነው። መሣሪያው ማን እንደነካው አይለይም። አጠገብህ የተቀመጠችው ሰው በደንብ ልትጽፍ ስትችል አብራ ትቀጣለች። ይህ የአሠራሩ ጉድለት ነው፣ አልከራከርህም። መፍትሔው ግን ከሽቦ ውጭ አለ። መኪናው ቆሞ ሳለ የምትመላለሱባቸውን ቦታዎች አስቀምጡ። ቤት፣ መሥሪያ ቤት፣ የልጆች ትምህርት ቤት፣ የእናት ቤት፣ ጤና ጣቢያ። በብዙ የፋብሪካ ናቪጌሽን ላይ የተቀመጠ ቦታን በአንድ ንክኪ መምረጥ እየተነዳም ይፈቀዳል። የተዘጋው ፊደል መጻፉ ነው። ድንገተኛ ቦታ ከመጣ ባለቤትህ በስልኳ ትፈልገውና በአፏ ትምራህ። ሰው ከየትኛውም ስክሪን የተሻለ ነው፤ «ከአምባሳደር በታች ያለውን ይዘህ ግባ» ማለት የሚችል ናቪጌሽን እስካሁን አላየሁም።

እኔ ጋ ብትመጣ የምሠራልህ ሌላ ነገር አለ። መጀመሪያ የመመሪያው ድምፅ ከግራ የፊት ድምፅ ማጉያ ብቻ እንዲወጣ አስተካክላለሁ፤ ዘፈን ቢኖርም ይሰማሃል። ሁለተኛ፣ የስክሪኑ የማታ ብርሃን መሥራቱን አያለሁ። ከፓርኪንግ መብራቱ የምትመጣ ሽቦ አለች። መብራት ስታበራ ስክሪኑ እንዲደበዝዝ የምታደርገው እሷ ናት። በተለይ ከገበያ የተገዛ ቴፕ ሲገጠም ይህች ሽቦ ተረስታ ትቀራለች። ከዚያ ሌሊት ስክሪኑ ፊትህ ላይ ያበራል፣ ጥቁር ልብስ የለበሰ እግረኛ አይታይህም። ይህ ከመጻፊያው ይልቅ የሚያስቸግር ጉድለት ሆኖ ሳለ ማንም አይጠይቀኝም።

ደግሞ አንድሮይድ ቴፕ ላላችሁ ሁሉ፦ ካርታው የሚዋልለው ብዙ ጊዜ በጂፒኤስ አንቴናው ምክንያት ነው። አንቴናው ጥቁር አራት ማዕዘን ትንሽ ሳጥን ነው፣ ረጅም ገመድ አለው። ገጣሚው ሲቸኩል ከቴፑ ጀርባ ብረት መሀል ወሽቆት ይሄዳል። አውጥታችሁ ዳሽቦርዱ ላይ መስታወቱ ሥር፣ ፊቱን ወደ ሰማይ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ልዩነቱን ያኔውኑ ታያላችሁ።

ጥያቄ

«ጋሼ፣ ሴት ሾፌር ነኝ። ቪትዝ ይዤ በአፕ ነው የምሠራው፤ ውሎዬ ፒያሳና አራት ኪሎ ነው። ስልኬን ማርሹ ጋ ነው የማስቀምጠው። ካርታውን ለማየት አንገቴን ስደፋ ተሳፋሪ ይሳቀቃል። ድምፁ ደግሞ በጩኸቱ ይዋጣል። ቴፑ የጃፓን ነው፣ ብሉቱዝ የለውም። ኤፍ ኤም ትራንስሚተር ገዛሁ፣ አልያዘልኝም። ቴፑን አውጥቼ ትልቅ ስክሪን ላስገባ? ጥሪ ሲመጣ ደግሞ ለመቀበል ያለኝ ጥቂት ሰከንድ ነው፤ ምን ላድርግ?» — ከፒያሳ

መልስ

እህቴ፣ ገንዘብሽን ያዢ። ቴፑ ይቆይ።

ትራንስሚተሩ፣ የስልኩን ድምፅ በሬዲዮ ሞገድ ለቴፑ የሚልከው ዕቃ፣ ያልያዘልሽ ተበላሽቶ አይደለም። የጃፓን ቴፕ በአብዛኛው የሚቀበለው ኤፍ ኤም ከ76 እስከ 90 ነው። የኛ ጣቢያዎች፣ ኤፍ ኤም አዲስ 97.1፣ ፋና 98.1፣ ሸገር 102.1፣ ከዚያ በላይ ናቸው። ትራንስሚተሩ ደግሞ ከ87.5 እስከ 108 ነው የሚልከው። ሁለቱ የሚገናኙባት ጠባብ ቦታ ከ87.5 እስከ 90 ያለችው ናት። ትራንስሚተሩን 88.1 ወይም 88.5 ላይ አድርጊው፣ ቴፑንም እዚያው ላይ አምጪው። ይይዛል።

ግን አንድ ነገር አረጋግጪ። ሸገርን በቴፑ ላይ ትሰሚያለሽ? በሰማንያዎቹ ቁጥር ላይ ከሰማሽው ከአንቴናው ገመድ ላይ ኮንቨርተር ተገጥሟል ማለት ነው። እሱ ጣቢያዎቹን ዝቅ አድርጎ ነው ለቴፑ የሚያቀብለው። 102.1ን 84.1 ላይ ካገኘሽው ልዩነቱ 18 ነው። ያኔ ትራንስሚተሩን 106 ላይ አድርገሽ ቴፑን 88 ላይ ፈልጊው። ቴፑ የኦክስ ቀዳዳ ካለው ደግሞ ይህ ሁሉ አያስፈልግም፤ አንድ ገመድ ይበቃል፣ ድምፁም ይጠራል።

ስልኩ ከማርሹ ጋ ይነሳ። ጠንከር ያለ ሆልደር ግዢና ከመሪው በስተግራ፣ ከመስታወቱ የታችኛው ጠርዝ ላይ አድርጊው። ዓይንሽ ብቻ ዞር ብሎ እንዲያይ፣ አንገትሽ እንዳይደፋ። መስታወቱ መሀል ላይ አታጣብቂው፤ ከቀኝ የሚመጣውን እግረኛ ይሸፍንብሻል። የኤርባግ ክዳን ላይም አይሁን። ስልክ በእጅ ይዞ መንዳት በትራፊክ ደንባችን ክልክል መሆኑን አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂያለሽ።

ስለ ጥሪው የጻፍሽው ልቤን ነክቶታል። ሰው እንጀራውን በጥቂት ሰከንድ እንዲወስን ሲደረግ ዓይኑን ከመንገድ ማንሳቱ አይቀርም። የመንዳት ሥራ ላይ ያለን ሰው እንዲህ ማስቸኮል ልክ አይደለም። አፕ የምትሠሩ ወጣቶች ይህን ዓምድ ካነበባችሁ እባካችሁ አስቡበት። ጥሪውን በአማርኛ ድምፅ አንብቡለት፤ ከየት ወዴት እንደሆነ ይስማ። ለመመለስም ስክሪኑን የሞላ አንድ ቁልፍ ስጡት። ጊዜውንም አርዝሙለት። አንቺ እስከዚያው መኪናው ካልቆመ አትንኪው። የቀረ ጥሪ ያናድዳል፣ አውቃለሁ። ቢሆንም ይቅርብሽ።

ጥያቄ

«በቻይና የተሠራ የኤሌክትሪክ መኪና ገዛሁ። ስክሪኑ ሁሉም ነገር በቻይንኛ ነው። ካርታውም የቻይና ስለሆነ አዲስ አበባን ባዶ አድርጎ ያሳያል። ቋንቋውን ቀይረው፣ የኛን ካርታ ጭነው፣ እየነዳሁም ቪዲዮ እንዲያሳይ አድርገው በአንድ ዋጋ የሚሠሩ ልጆች አግኝቻለሁ። ምን ይመክራሉ?» — ከሜክሲኮ

መልስ

በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለበት ከ2016 ዓ.ም ወዲህ እንዲህ ያለ ጥያቄ በዝቶብኛል። መኪኖቹ ብዙዎቹ የተሠሩት ለቻይና ገበያ ነው። ስክሪናቸውም እዚያ ለሚኖር ሰው የተሰናዳ ነው።

ከሦስቱ ሁለቱን አሠራ። ሦስተኛውን ተው።

ቋንቋውን በተመለከተ መጀመሪያ ገንዘብ ሳታወጣ ማስተካከያውን እይ። የስልክህን የትርጉም ካሜራ ስክሪኑ ላይ ደቅነህ አንድ በአንድ አንብበው። አንዳንዱ መኪና ውስጥ እንግሊዝኛ ተቀምጦ ሳለ ነው ሰው የሚከፍለው። ከሌለ ሶፍትዌሩ ይቀየራል። ይህ ሥራ ሲሠራ ልብ ልትለው የሚገባ ነገር አለ። በእነዚህ መኪኖች ኤሲውም፣ የቻርጅ ማስተካከያውም፣ የኋላ ካሜራውም ስክሪኑ ውስጥ ነው ያለው። ስክሪኑ ከሞተ ሁሉም አብሮ ይሞታል። ስለዚህ ልጆቹን ጠይቅ፦ ያንተን ሞዴል፣ ያንተን ዓመተ ምርት ሠርተው ያውቃሉ? የነበረውን ሶፍትዌር ኮፒ አድርገው ያስቀምጣሉ? መሀል ላይ ቢቆም ማን ይጠየቃል? መልሱ ቆጠብ ቆጠብ ካለ ውጣ።

ሌላው ባትሪ ነው። ትልቁን ማለቴ አይደለም። የኤሌክትሪክ መኪናም፣ ብዙውን ጊዜ ከኮፈኑ ሥር፣ እንደ ሌላው መኪና ባለ 12 ቮልት ባትሪ አለው፤ ስክሪኑ የሚሠራው በእሱ ነው። ሶፍትዌር ሲጫን ይህ ባትሪ ከወረደ ስክሪኑ በግማሽ ይቀራል። መኪናው ተነስቶ ዝግጁ በሆነበት፣ ወይም ባትሪው ከቻርጀር ጋር በተያያዘበት ይሠራ። ከዚያ በኋላ «አዲስ ሶፍትዌር መጥቷል» የሚል መልእክት ስክሪኑ ላይ ቢመጣ ሠሪዎቹን ሳትጠይቅ እሺ አትበል። የተሠራልህን ሊያጠፋው ይችላል።

ለካርታው ጉግል ማፕስ እንዲጭኑልህ አትድከም። የቻይናው ሲስተም የጉግል አገልግሎት ስለሌለው ብዙ ጊዜ ይከፈትና ይዘጋል። ኦርጋኒክ ማፕስ ወይም ኦስማንድ የሚባሉት የካርታ አፖች ያለ እሱም ይሠራሉ፣ ካርታውም አንዴ ከወረደ ያለ ኢንተርኔት ይሄዳል።

ቪዲዮውን በተመለከተ፣ ፊት ለፊትህ ያለው ስክሪን ትልቅ ነው። እዚያ ላይ የሚንቀሳቀስ ምስል ካለ ዓይን ሳይታዘዝ ይሄዳል። ልጆቹ ሦስቱን እንደ አንድ ጥቅል ነው የሚሠሩት፤ ዝም ካልክ ይከፍቱታል። «የቪዲዮው ቁልፍ እንዳለ ይቆይ» ብለህ ቀድመህ ተናገር። ሥራው ሲያልቅም በራስህ አረጋግጥ። ልጆችህ ረጅም መንገድ ላይ ማየት ከፈለጉ ከኋላ ወንበር ታብሌት ይያዙ።

ጥያቄ

«ወንድሜ፣ ጤና ይስጥልኝ። ጡረታ ወጥቻለሁ፤ መኪናዬን ግን አሁንም ራሴ ነኝ የምነዳ። መሀል ከተማው ተለወጠብኝ። ፒያሳና ካዛንቺስ የማውቃቸው ምልክቶች ጠፍተዋል። ልጆቼ ስልኬ ላይ ካርታ ጫኑልኝ። ኢንተርኔት ሲጠፋ ግን ይቆማል። ደግሞ የማይታጠፍበት ቦታ ታጠፍ ይለኛል።» — ከስድስት ኪሎ

መልስ

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። እኔም እዚያው ከተማ ውስጥ ስለምነዳ የሚሰማዎት ይገባኛል። ፒያሳ የድሮው ማዘጋጃ አካባቢ የነበረው ዛሬ የዓድዋ መታሰቢያ ሆኗል። ሰው «ከእገሌ ሱቅ ዝቅ ብሎ» እያለ በኖረበት ሰፈር ሱቁም ሰፈሩም ሲነሳ መንገድ መጥፋቱ የዕድሜ ጉዳይ አይደለም።

የኢንተርኔቱ ነገር ቀላል ነው። ስልክዎ ያሉበትን ለማወቅ ኢንተርኔት አያስፈልገውም፤ ሳተላይቱ ይበቃዋል። የሚጠፋው የካርታው ሥዕል ነው። ቤት ዋይፋይ ካለ ልጆችዎ ጉግል ማፕስን ይክፈቱና የፎቶዎን ክብ ነክተው «ኦፍላይን ማፕስ» ከሚለው ውስጥ አዲስ አበባን ያውርዱልዎት። ከዚያ ያለ ኢንተርኔትም ይመራዎታል። መንገዱ መዘጋጋቱን ብቻ አይነግርዎትም።

የማይታጠፍበት ቦታ ታጠፍ የሚልዎት መንገዱ ከካርታው ቀድሞ ስለተለወጠ ነው። በኮሪደር ልማቱ ብዙ መታጠፊያ ተዘግቷል፣ ሌላ ተከፍቷል። በባቡሩ መስመር ዳር ደግሞ ወደ ግራ መታጠፍ የሚቻለው በጥቂት ቦታ ነው። ካርታው ታጠፍ፣ ምልክቱ አትታጠፍ ካለ ምልክቱን ይስሙ። ቀጥ ብለው ይሂዱ። ስልኩ ጥቂት ቆይቶ ራሱ ሌላ መንገድ ያወጣል። ከኋላ ያለው ጡሩንባ ቢነፋብዎትም መሀል መንገድ ላይ ቆመው ስልኩን አይዩ፤ ዳር የሚያስይዝ ቦታ እስኪገኝ ይንዱ።

አንድ ነገር ልጨምርልዎት። ወደ ሰው ቤት ወይም ለቅሶ ሲሄዱ አድራሻ በስልክ አይጻፉ። ሰዎቹ ያሉበትን ቦታ በቴሌግራም እንዲልኩልዎት ይጠይቁ። እሱን ሲነኩት ካርታው ይከፈታል። ይህን ሁሉ ግቢዎ ውስጥ ሳሉ፣ ሞተሩ ሳይነሳ ይጨርሱት። ድምፁን ከፍ ያድርጉት፣ ስልኩን ሆልደሩ ላይ ያስቀምጡት። የወረደው ካርታ ጊዜው ስለሚያልፍበት ልጆችዎ ሊጠይቁዎት በመጡ ቁጥር በዋይፋይ ያድሱልዎት።